በመርሳ ሰማይ የምታለቅሰው

ከቀይ ሽብሩ ቀጥሎ በነበረው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሞተር የሌላት አውሮፕላን መብረር ጀመረች። ነጭ ነበረች፤ ክንፎቿ ረጃጅምና ቀጫጭን። የመጣችበት የወጣቶች የአየር ስፖርት ክበብ ግላይደር ይላታል። ያገሬው ሰው ግን ነጯ አሞራ አላት።

ስታልፍ ድምፅ የላትም። መጀመሪያ ጥላዋ ይመጣል። ማሽላ የሚጠብቁ ሴቶች ጥላው በፊታቸው ሲሮጥ ያዩና ቀና ይላሉ፤ ከብቶች መጋጥ ያቆማሉ። ሰውን ያስፈራው ግን ዝምታዋ አልነበረም። ልታርፍ ስትል፣ በሜዳው ጫፍ ካለው መቃብር በላይ ስትደርስ፣ ታለቅሳለች። ዝቅ ብሎ ይጀምርና እየቀጠነ የሚወጣ፣ ልክ የሴት ልቅሶ። ያን ጊዜ ደግሞ ከመቃብሩ ውስጥ መልስ ይመጣል። ብዙ ሰው ሰምቷል። «ሙታኑ ይመልሱላታል» ይባል ነበር፤ ከቀትር በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ጠፋ።

የመቃብሩ ጠባቂ ሼህ አብዱሰመድ ይባላሉ። ልጃቸው ሁሪያ ሲሪንቃ ባለው የእርሻ ምርምር የአየር ጠባይ ተመልካች ነበረች፤ ዝናብና ነፋስ ትለካለች። ክበቡ የነፋስ አዋቂ ሲጠይቅ የተላከችው እሷ ሆነች። አባቷ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሂጂ፤ የመንግሥት ሥራ ነው። ግን ወደ መቃብሩ እንዳትመጪ። ጅን ያለበት ቦታ ነው።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ውለው የሚገቡት እዚያ ነው።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉና መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ።

በዚያ ዓመት ወልዲያና መርሳ ውስጥ ልጁ ያልተወሰደበት ቤት ጥቂት ነበር። የተገደለው ልጅ አስከሬኑ አይሰጥም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም። «ለፀረ አብዮተኛ አልቅሳለች» ተብላ የታሰረች እናት ነበረች። የሁሪያ አክስት አሚና አንድ ልጇን አብዱልሐሊምን ያጣችው ወልዲያ ሲማር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም እንባዋን አላየም። ገበያ ትሄዳለች፣ ትሸጣለች፣ ትመለሳለች፤ ሲያናግሯት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትይዛለች።

*

ሁሪያ ሜዳው ላይ በቆመችበት በመጀመሪያው ቀን ግላይደሯ አጠገቧ አርፋ ቆመች። የመስተዋቱ ክዳን ተከፈተና ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት ወጣ። እንድሪስ ነበር፤ የወልዲያ ልጅ፣ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ መብረር የተማረ፣ የክበቡ አስተማሪ።

«ነፋስ የምትለኪው አንቺ ነሽ? ምን አገኘሽ?»

«አሁን ከሜዳው ወደ ተራራው ነው። ትንሽ ቆይቶ ይዞራል።»

«መሣሪያሽ ይህን ሁሉ ይነግርሻል?»

«መሣሪያው የአሁኑን ነው የሚነግረኝ። የሚመጣውን ያወቅሁት እዚሁ ስላደግሁ ነው። እርስዎ ወደ ላይ ሲያዩ እኔ ማሽላውን አያለሁ።»

ሳቀ። ሁሪያ አልሳቀችም፤ ግን ዓይኗን ቶሎ ከእሱ ላይ አላነሳችም። ጥቂት ቆይቶ ማሽላው በሙሉ ራሱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያጎነብስ እንድሪስ ቆሞ አየ፤ ከማሽላው ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ ብዙ አየ።

ከዚያ በኋላ በረራ በሌለ ሰዓት ከቆመችው ግላይደር ውስጥ አስቀምጦ ያስተምራት ጀመር። እሱ ውጭ ተንበርክኮ፣ ክንዱን በመቀመጫዋ ጠርዝ ላይ አስደግፎ።

«ወልዲያ በአውቶቡስ ስትሄጂ እጅሽን በመስኮት አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ያላወጣ አለ!»

«መዳፍሽን ትንሽ ስታጎብጪው ነፋሱ ያነሳዋል አይደል? ፍላፕ ማለት እሱ ነው። የክንፉ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ክንፉ አየሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ሳትወድቂ በዝግታ መብረር ትችያለሽ።» እጇን ይዞ ወደ ሌላ ማንሻ ወሰደው። «ይህ ደግሞ የአየር ፍሬን ነው። ስትስቢው ከክንፉ ጀርባ ሳንቃ ብቅ ይላል። ክንፉ የያዘውን አየር ያስጥለዋል።»

«አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያስጥላል። ለምን ሁለቱም አስፈለጉ?»

«ሞተር የለንማ። አንዴ ዝቅ ካልን ተመልሰን መውጣት የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ብለን እንመጣለን፤ የተረፈንን ከፍታ በፍሬኑ እንጥለዋለን።»

እጇን አልለቀቀም። እሷም አልወሰደችውም።

«የምታለቅሰው እሱን ስትስቡት ነው?»

«ነፋሱ ነው። በሳንቃው ሥር ሾልኮ ሲያልፍ ይጮኻል።»

«ከታች የሚመልሰውስ?»

እንድሪስ ወደ መቃብሩ አየ። «እሱን እኔም ሰምቼዋለሁ። ጀርመን አገር እንደዚህ ያለ ነገር አልነበረም» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

*

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ይዟት ወጣ። በሜዳው ማዶ የቆመው የጭነት መኪና ሞተር ከሥሯ የታሰረውን ረጅም የብረት ገመድ ሲጠቀልል፣ ግላይደሯ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንስታ ተመነጠቀች። ሁሪያ ዓይኗን ጨፍና ቢስሚላህ አለች። ገመዱ ቋ ብሎ ሲለቃቸው ዓለም ጸጥ አለ።

ተራራው ጥግ ላይ ጆፌ አሞሮች ይዞሩ ነበር። አብረዋቸው ዞሩ። ከታች የመርሳ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ የሲሪንቃ ማሳዎች እንደተሰፋ ጨርቅ በመልክ በመልክ ተዘርግተዋል። እንድሪስ ከኋላዋ ነው። ትንፋሹን ትሰማዋለች። ከሰው ጋር እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

«ፈራሽ?»

«አይ። እዚሁ ብንቀርስ?»

እሱም «ለአባትሽ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለ፤ ፊቱን ስለማታየው ይሆናል የደፈረው።

ፈገግታዋ በመስተዋቱ ላይ ታየ፤ እሱም አይቶታል።

ሊያርፉ ዞሩ። መቃብሩ ከፊታቸው መጣ፤ የድንጋይ አጥሩ፣ ጥቅጥቅ ያሉት ዛፎቹ። እንድሪስ ፍሬኑን ሳበው። ሁሪያ ከምድር የምታውቀው ልቅሶ አሁን ከገዛ ወንበሯ ሥር የሚወጣ መሰላት። ወዲያው ከታች ተመለሰላቸው። አንድ አልነበረም፤ ብዙ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር እየተነሳ፣ ከነፋሱ ጋር እየተጠላለፈ።

«ይዝጉት!» አለች።

ዘጋው። የግላይደሯ ልቅሶ ተቆረጠ፤ የታችኛውም አብሮ ተቆረጠ። ግን አንድ ድምፅ ዘገየ። አንዲት ሴት ማቆም ያቃታት፣ በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ብቻዋን የቀረች፤ «ልጄን! ልጄ...» ከዚያ እሷም ጠፋች።

ግላይደሯ ፍሬኗ ስለተዘጋ መሬት አልነካም ብላ ሜዳውን አጋመሰች፤ እንድሪስ መልሶ ከፍቶት በግድ አሳረፋት። ሲቆሙ ሁለቱም አልተነሱም።

«ሰምተኸዋል?» አለች ሁሪያ። እሱን አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሰምቻለሁ።»

«ጅን አይደለም» አለች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች።

*

በሚቀጥለው የበረራ ቀን ሥራዋን ለሌላ ሰው ትታ በማሽላው ውስጥ ለውስጥ ወደ መቃብሩ ሄደች። አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ሲያዩዋት አልተቆጡም፤ መንገዱን ብቻ ለቀቁላት።

ከዛፎቹ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ሰማይ ያያሉ። አንዲትም አትናገርም። አሚና እዚያ ነበረች። አጠገቧ ልጇ አማረ የተገደለባት የመርሳዋ ወይዘሮ ደስታነሽ ነበረች፤ የአንገቷን ማተብ በጣቷ ይዛ። ክርስቲያን ብትሆንም ማንም ቦታሽ እዚህ አይደለም አላላትም። የአንዳቸውም ልጅ እዚያ አልተቀበረም።

ጥላው አለፈ። ነጯ አሞራ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ።

ሁሪያ ጆሮዋን ያዘች። ልቅሶው ከሰው ደረት የሚወጣ አይመስልም ነበር። አሚና መሬቱን በሁለት እጇ ትቧጭራለች። ከዚያ የሰማዩ ድምፅ ሲቆም፣ እነሱም እንደታነቀ ሰው ባንዴ አቆሙ፤ ነጠላቸውን መለሱ፤ አንድ በአንድ፣ ሳይተያዩ፣ በየአጥሩ ቀዳዳ ወጡ።

«የጅኑን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አሉ ሼህ አብዱሰመድ። «ሰው እንዳይቀርብ ብዬ። ዋይታ በሃይማኖታችን እንደማይወደድ አላጣሁትም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን አፏ የተሰፋ እናት እንዴት አድርጋ ትኑር?»

«አባባ...»

«ያ የሚበረው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እነሱ ያስተማሩት፣ የነሱን የሚያበር ነው። የአሚናን ልጅ ለበሉ ሰዎች ልጄን አልሰጥም። ይህን ደግሞ እንዳትነግሪው። አንድ ቃል ካመለጠሽ ስንት እናት ትታሰራለች።»

ሁሪያ ቀኑን ሙሉ አሰበች። በማግስቱ ለእንድሪስ ነገረችው። ሁሉንም።

«አባቴ አትንገሪው ብለውኛል። እኔ ግን የማላምነውን ሰው ማግባት አልችልም። አሁን በእጅህ ነን።»

እንድሪስ የክንፉን ጠርዝ ይዞ ቆየ። «ከውጭ ስመለስ አብረውኝ የተማሩትን ልጆች ስም እየጠራሁ ስጠይቅ ሰው ሁሉ ወሬ ይቀይርብኝ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ» አለ። «ሴቶቹ የሚያለቅሱት ፍሬኑ ተከፍቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

«አጭር ነዋ» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር። «በጣም አጭር ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተራረፉ ተለወጠ። ቀድሞ ፍላፑን አውርዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ ይመጣ የነበረው ልጅ፣ አሁን ፍላፑን ሳይነካ በጣም ከፍ ብሎ ይመጣና ፍሬኑን ከሩቅ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ግላይደሯ አፍንጫዋን ደፍታ፣ ቁልቁል፣ ረጅም ልቅሶ እያለቀሰች ትወርዳለች። አደገኛ ነበር። ፍሬን ሙሉ ተከፍቶ ፍጥነቷ ትንሽ ቢጎድል እንደ ድንጋይ ትወድቃለች፤ ሁሪያም ይህን አሁን ታውቃለች። ሜዳው ላይ የማረፊያ ምልክት የሚሆነውን ሸራ ዘርግታ ስትጠብቀው ጥርሷን ነክሳ ነው።

ሼህ አብዱሰመድ ጥቂት ቀን አዳመጡ። አንድ ማለዳ ሱብሒ ሰግደው እንደተመለሱ ጠሯት።

«ያ ልጅ ያውቃል።»

ሁሪያ አንገቷን ደፋች። «ነገርኩት፣ አባባ። አውፍ ይበሉኝ።»

መቁጠሪያቸው ጠቅ ጠቅ ይላል።

«ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» አሉ በመጨረሻ።

ለእንድሪስ ስትነግረው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ማሽላው ፊቱን አዞረ። ከዚያ ግን ሁሪያ ቀኑን ሙሉ ያሳሰባትን ጠየቀች።

«ሰው ከመጣባቸውስ?»

«አንቺ ከሜዳው መንገዱን ታያለሽ። የማረፊያውን ሸራ አንሺው። ሸራው ከሌለ ፍሬኑን እዘጋለሁ። ድምፁ ሲቆም እነሱም ያቆማሉ።»

«ዝቅ ብለህ ከሆነስ?»

«ያኔ ትንሳፈፋለች። ልትቀመጥ የተዘጋጀችውን መልሶ ክንፍ መስጠት ነው። ሜዳው ያልቅብኛል።»

«ከሜዳው ወዲያ ዋርካው ነው።»

«ፍላፕ አለኝ አይደል? ቀስ ብላ ትሄዳለች» አለ። ዓይኖቿን አየና መሳቁን ተወ። «ሁሪያ፣ ሸራው ከተነሳ መነሳቱን ልመን። አታመንቺ።»

*

የመርሳው ካድሬ ወልዴ በጅን አያምንም። ሙታን ይመልሳሉ የሚለው ወሬ ሲደርሰው ያሰበው ሌላ ነገር ነው፤ የድብቅ ስብሰባ።

ነፋስ ያልነበረበት ከሰዓት ነበር። የማሽላው ቅጠል አይነቃነቅም። ሁሪያ ግላይደሯን ከፍ ብላ ስትዞር እያየች ሳለ፣ ከመንገዱ ዳር መኪና መቆሙን አየች። ወልዴ ወረደ። ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ተከተሉት። ወደ ማሽላው ገቡ፤ ከማሽላው በላይ የሚታየው ቆባቸውና የጠመንጃቸው አፍ ብቻ ነው፤ ወደ መቃብሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ከላይ ልቅሶው ጀምሯል። ከዛፎቹ ሥር መልሱ ተነሳ።

ሁሪያ ሸራው ላይ ወደቀች። የተቸነከረበትን እንጨት ነቀለች። ቀና ስትል ግላይደሯ የመቃብሩን ዛፎች ልትነካ ደርሳ ነበር። እጇ ቆመ። «አታመንቺ» ብሏታል። ሸራውን ሰብስባ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

የሰማዩ ድምፅ ተቆረጠ። የምድሩም ተቆረጠ። በዚህ ጊዜ አንዲትም ድምፅ አልዘገየችም።

ነጯ አሞራ በዝምታ መጣች። ፍላፑ ሲወርድ ሁሪያ አየች። ከመሬት የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብላ፣ መንካት አቅቷት፣ በፊቷ አለፈች። እንድሪስ ከመስተዋቱ ውስጥ ወደ እሷ ዞሮ ነበር። ያየችው የፈራ ሰው ፊት አልነበረም፤ መንገድ ሲሄድ የሚያውቀውን ሰው እንዳገኘ ሰው ነበር። ሜዳው አለቀ። ክንፏ ዋርካውን መታ።

ወልዴ መቃብሩ ውስጥ ያገኘው አረም የሚነቅሉ ሴቶችና ቁርዓን የሚቀሩ ሽማግሌ ብቻ ነው።

ሁሪያ ስትደርስ እንድሪስን ከስብርባሪው አውጥተው ሣር ላይ አስተኝተውት ነበር። ከውጭ ብዙ ደም አልነበረውም። እጁን ያዘችው።

«ዝም አሉ?» አላት።

«ዝም አሉ። ማንም አልተያዘም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ወልዲያ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

*

ወልዴ ቀብሩን ወደ ማግስቱ አዛወረው። ጀግና አገኘ፤ በአብዮቱ ክንፍ ላይ የተሰዋ ወጣት። ከግራናም፣ ከሲሪንቃም፣ ከመርሳም ሕዝብ እንዲወጣ ትእዛዝ ተላለፈ። አስከሬኑ ከመቀበሩ በፊት ሜዳው መሃል ባንዲራ ለብሶ ተቀመጠ። ወልዴ ንግግሩን ጨርሶ እጁን ዘረጋ።

«ሰፊው ሕዝብ ኀዘኑን ይግለጽ!»

ማንም አላለቀሰም።

ሴቶቹ በሙሉ ነበሩ። ነጠላቸው አፋቸው ላይ ነው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ሰማይ ያያሉ። ሰማዩ ባዶ ነበር። ጉሮሯቸው ያን ድምፅ ሳይሰማ መከፈት ረስቷል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ የነጠላ ጫፍ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። ከጥበቃዎቹ አንዱ ፈርቶ ወደ ላይ አየ።

ሁሪያ ከሁሉም ኋላ ነበረች። ያልታጨች ልጃገረድ ናት፤ ከአስከሬኑ አጠገብ ምን ብላ ትቆማለች? አሚና ግን መጥታ ክንዷን ያዘቻት፤ ሰዉን እየከፈለች ወደፊት ወሰደቻት።

«የማን ናት?» አለ ወልዴ።

ሼህ አብዱሰመድ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ። «የእሱ ናት» አሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «ልጄን ጠይቆኝ ነበር። ፈቅጄለት ነበር።»

አሚና ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ የሁሪያን ወገብ አሰረችላት። «ጀምሪ፣ ልጄ» አለቻት በጆሮዋ። «የሚጀምርልን የለንም።»

ሁሪያ ባንዲራውን አየች። ከሥሩ የእንድሪስ ጫማ ጫፍ ወጥቷል፤ የሜዳው ጭቃ ደርቆበታል። አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣላት፤ ከዚያ እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ ከተራራው እስኪመለስ ወጣ።

ያን ጊዜ ሜዳው በሙሉ ተከተላት። «እንድሪሴ!» አሉ ሴቶቹ፤ ወልዴም ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሌላ ስም ተጠራ። «አብዱልሐሊሜ!» ከወዲያ ማዶ «አማርዬ! አማርዬ!» ከዚያ ስም በስም ላይ፣ በየመንደሩ የተወሰደ ልጅ ሁሉ በየእናቱ አፍ። የወልዴ ፊት ተለወጠ። ከስሞቹ አንዳንዶቹን ያውቃቸዋል። እጁን አነሳ፤ ግን አልቅሱ ያለው እሱ ራሱ ነበር፤ ቢጮህም በዚያ መሃል የሚሰማው አልነበረም። እጁን መልሶ አወረደ።

ሁሪያ ይህን ሁሉ አላየችም። ተንበርክካ ግንባሯን ባንዲራው ላይ አድርጋ ነበር፤ አባቷም ባሏ እንደሞተባት ሴት ቆጥረዋት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው፣ በዚያ ሕዝብ ሁሉ ፊት፣ እስኪበቃት ጠበቋት።